ጋሽ ዲሪባና የጣራው ድንኳን

እስቲ ስልካችሁን ጎን አድርጉና ይሄን ስሙኝ። ሁለቴ አልናገረውም።

ጋሽ ዲሪባ ሞቱ። ቅዳሜ ጎሬ ቀበርናቸው። ይሠሩበት የነበረው ቢሮ ሰዎች በሁለት መኪና ከመቱ መጡ፤ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጭቃው ጫማቸውን እንዳይነካባቸው ድንጋይ ድንጋይ እየመረጡ። አንደኛው ከኪሱ ወረቀት አወጣና የሕይወት ታሪክ አነበበ። «በቅንነትና በታማኝነት ሲያገለግሉ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀዋል» አለ። በገዛ ፈቃዳቸው! እዚያው አፌን ልከፍት ስል እናቴ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ። «ቶላ፣ ዛሬ የሳቸው ቀን ነው» አለችኝ። እሺ ብዬ ዋጥኩት። ቅዳሜ አለፈ። አሁን የኔ ተራ ነው።

ጋሽ ዲሪባ የፕሮጀክት ሹፌር ነበሩ። ፕሮጀክቱን ስሙን አልጠራውም፣ ሲጠራ ደስ ይላቸዋል። የጫካ ቡና የሚለካ ነው፤ የማን ቡና የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ጥላው ምን ዛፍ እንደሆነ፣ ይሄን ይመዘግባል። እኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ጂፒኤስ መያዝ ስለምችል ለኪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከመቱ ተነስተን አንዴ ወደ ቡሬ፣ አንዴ ወደ ዳሪሙ እንወጣለን፤ ከወጣን ሳምንት፣ አንዳንዴ አሥር ቀን አንመለስም። ሆቴል በሌለበት ቦታ ነው የምንሠራው። ስለዚህ ድንኳን።

አጭር ሰው ነበሩ። ፊት ለፊት አንድ ጥርሳቸው የለም፣ ሲስቁ ምላሳቸው በዚያች በኩል ብቅ ይላል። ቡናማ የሱፍ ኮፍያ ነበረቻቸው፤ ፀሐይም ዝናብም ከራሳቸው አትወርድም። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጉና «ነይ እስቲ የኔ እመቤት» ይሏታል መኪናዋን። እኛ እንስቃለን። እሳቸው ግን አይስቁም፤ ሞተሩን ነው የሚያዳምጡት፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ሕፃን ሲያለቅስ የት እንዳመመው እንደሚያዳምጥ ሰው።

ያኔ የነበረን ድንኳን መሬት ላይ የሚተከል ነው። አሮጌ አረንጓዴ ሸራ፣ ሁላችንንም ባንዴ የሚይዝ። አለቃም ለኪም ሹፌርም ጎን ለጎን ነው የምንተኛው፤ የአለቃ ማንኮራፋት ምን እንደሚመስል ማወቅ ትልቅ ትምህርት ነው። ድንኳኑን የሚተክሉት ጋሽ ዲሪባ ናቸው። እኛ ካስማ እናቀብላለን። መጀመሪያ መሬቱን በተረከዛቸው ይመቱታል፣ ድምፁን ይሰሙታል። ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ደረቅ ቀን ላይ እንኳ ያውቁታል። ቀረሮ ዛፍ ሥር በፍጹም አይተክሉም፤ የደረቀ ቅርንጫፉን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚጥለው። ዙሪያውን ቦይ ይቆፍራሉ። ለገብረ ጉንዳን አመድ ይበትናሉ፤ የዳሪሙ ገብረ ጉንዳን ሰልፉን ይዞ ከመጣ ሱሪህን አስወልቆ ነው የሚያስሮጥህ። ኢሉባቦር ላይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘንባል፣ እኔ ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ አንድም ቀን ረጥቤ አልነቃሁም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መጠየቃቸው ነበር።

አንድ ቀን ከቡሬ ወዲያ አመሸን፣ ደከመን፣ መንገድ ዳር የመሰለ ሜዳ አለ፣ ሰው የለበትም። «ጋሼ፣ እዚህ እንትከለው በቃ፣ ማንም የለ» አልኳቸው።

«አየህ ያንን ሣር? ታጭዷል። ያጨደው ማነው? እኔ ነኝ?»

«አይደሉም።»

«አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው አለ።»

ግማሽ ሰዓት በእግራቸው ሄደው ባለቤቱን ፈልገው አገኙት። ተከትያቸው ነበር፣ እየተነጫነጭኩ። አጥሩ ጋ ቆሙ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። ያቺ ከራስ የማትወርደው ኮፍያ የምትወርደው ለዚህ ብቻ ነበር። «አካም ኦልተኒ!» ብለው ጮክ ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ ቀጥለውም ሜዳችሁ ላይ እንድናድር ትፈቅዱልናላችሁ ወይ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ሰውየው መጀመሪያ የሚቀለድበት መስሎት ዙሪያውን አየ። የመሥሪያ ቤት መኪና ይዞ የመጣ ሰው መቼ ጠይቆ ያውቃል? መሬቱንም ሲወስዱ አይጠይቁ። ከዚያ ሳቀ፣ በሩን ከፈተ። ጎደሬ ተቀቅሎ መጣ፣ ማር መጣ፣ ሌሊቱን ሁለት ልጆቹ ጦር ይዘው ድንኳናችን ደጃፍ አደሩ።

«ካስማ ከመምታትህ በፊት አፍህን ክፈት» ይሉኛል። «የጠየቅከው ሰው ይጠብቅሃል። ያልጠየቅከውን ግን አንተው ጠብቀው።»

ሌላም ነገር አለ። ድንኳኑ መሬት ላይ ስለሆነ መኪናዋ ነጻ ናት። ስለዚህ የቆምንበት ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው፣ የዲሪባ መኪና ካለች መኪና አለ ማለት ነው። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ወጥቶ የወደቀ ሰው ሆስፒታል አድርሰናል። እሳት ላይ የወደቀች ሕፃን አድርሰናል። ጋሽ ዲሪባ ያኔም ይጠይቃሉ፤ የድንኳኑን ምሰሶ ኳ ኳ አድርገው «ጌታዬ፣ የታመመ ሰው አለ» ይላሉ። የድሮዎቹ አለቆች፣ ሐቁን ልናገር፣ ብርድ ልብሳቸውን እንኳ ሳይገልጡ «ሂድ» ነው የሚሉት። ሂድ። አለቀ። ይሄዳሉ፣ ሲነጋ ይመለሳሉ፣ እኛ ድንኳኑ ውስጥ ተኝተን እንጠብቃቸዋለን።

ከዚያ አዲሱ አስተባባሪ መጣ። አዲስ ደብል ጋቢና ፒካፕም መጣች። እና አንድ ጥያቄ አብሮ መጣ፦ ለአዲሷ መኪና የጣራ ድንኳን ይገዛ ወይስ አዲስ የመሬት ድንኳን?

ስብሰባ ተጠራ። መቱ፣ ቢሮው አዳራሽ ውስጥ። ሻይና ብስኩት ቀረበ፣ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ዞረ፣ ሁላችንም ፈረምን። አስተባባሪው ግድግዳው ላይ ፎቶ አሳየን። በረሃ ውስጥ መኪና ቆሟል፣ ጣራው ላይ ድንኳን ተከፍቷል፣ አንድ ፈረንጅ መሰላሉ ላይ ቆሞ ይስቃል። ደመና የሚባል ነገር ፎቶው ውስጥ የለም።

«ከመሬት ከፍ ይላል» አለ አስተባባሪው። «እባብ የለም፣ ጉንዳን የለም፣ ጭቃ የለም። ፍራሹ ውስጡ ነው። በሦስት ደቂቃ ይዘረጋል።»

«ሲታጠፍስ?» አሉ ጋሽ ዲሪባ ከኋላ።

«ያው ነው።»

«በዝናብስ?»

ሰው ሳቀ። «ጋሽ ዲሪባ፣ ዝናብ መፍራት ጀመሩ እንዴ?» አለ የሒሳቡ ልጅ።

«ዝናብ ብፈራ የት አገር እኖር ነበር?» አሉት። ከዚያ ተነሱ። ኮፍያቸውን አላወለቁም። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መኪናዋ አልጋ ከሆነች፣ ሰው ሲታመም በምን ይሄዳል? አልጋውን ሳላጥፍ መንቀሳቀስ አልችልም። የተኛውን ሳላወርድ ማጠፍ አልችልም።»

«እኛ አምቡላንስ አይደለንም» አለ አስተባባሪው።

«አይደለንም። ግን ሌላ መኪና የለም።»

«እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ ድንኳኑ የሁለት ሰው ነው። ሹፌር ጋቢና ውስጥ ያድራል።»

«እሱስ ይሁን» አሉና ተቀመጡ። ነገሩ ስለ ራሳቸው ጉልበት እንዲመስል አልፈለጉም። ያኔ ጉልበታቸው ታጥፎ ለመዘርጋት የሚያስቸግራቸው ጊዜ ነበር።

እጅ አውጡ ተባለ። አሁን የሚያቃጥለኝ ጋ ደረስን። እኔ ለጣራው ድንኳን እጄን አወጣሁ። ለምን? ፎቶ ልነሳበት። መሰላሉ ላይ ቆሜ እንደ ፈረንጁ እየሳቅኩ፣ ገጼ ላይ ልለጥፈው። ይኸው ነው ምክንያቴ፣ ሌላ የለኝም። ተነስቼበታለሁ ደግሞ። አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ማጥፋት ምን ያደርጋል።

ሳምንት ቆይቶ ቃለ ጉባኤው ተለጠፈ። «ፊርማቸው የተያያዘው ተሰብሳቢዎች በሙሉ ድምፅ የጣራ ድንኳኑን መርጠዋል» ይላል። የተያያዘው ያ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ነው። የጋሽ ዲሪባ ፊርማ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ትልቅ ሆና፣ ጅራቷ ወደ ታች ወርዳ። ሄደው ቆመው አዩዋት። «እኔ ብስኩት ለበላሁበት ነው የፈረምኩት» አሉ። ሁላችን ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፣ ምላሳቸው በዚያች ክፍተት ብቅ እስኪል። እንዲህ ነው የኛ ሰው፣ ሲቀማ ይስቃል።

የጣራው ድንኳን መጣ። ከዚያ በኋላ መሬት የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። «መንገድ ዳር አቁም፣ መንገድ የመንግሥት ነው» ይላል አስተባባሪው። እናቆማለን። የሁለት ሰው የተባለውን ድንኳን ብቻውን ይዞት መሰላሉን ይወጣል፣ ዚፑን ይዘጋል። ጋሽ ዲሪባ መሪው ላይ ተደግፈው ያድራሉ፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተጠቅልዬ። ጠዋት እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ይላቸዋል። ጎደሬ የሚያመጣልን የለም፣ ማር የሚያመጣልን የለም። ሰዎች ከሩቅ ቆመው ሳጥኑን ያዩና ይሄዳሉ። ጋሽ ዲሪባ ግን አላስቻላቸውም፤ ቅርብ ያለው ቤት ሄደው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው «ደጃችሁ ላይ ቆመናል፣ ይቅርታ አድርጉልን» ይላሉ። አስተባባሪው አንድ ቀን አይቷቸው «ምን ልትለምን ሄድክ?» አላቸው። አንተ ነው የሚላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያለ ሰው። እሳቸው «ሰላም ልል» ብለው አለፉት።

ያቺ እሑድ መጣች።

ክረምት ነው። ዳሪሙ ውስጥ፣ የመኪና መንገዱ አልቆ የእግር መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆመናል። እኔ፣ ጋሽ ዲሪባ፣ አስተባባሪው። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ወረደ ስላችሁ እንደ አዲስ አበባ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ አጠገብህ ያለው ዛፍ የማይታይበት ዝናብ ነው። አስተባባሪው «በዚህ ሥራ የለም» አለና ድንኳኑን አስዘረጋኝ፣ ጫማውን መሰላሉ ሥር ላስቲክ ውስጥ አስቀመጠ፣ ወጣ፣ ዚፑን ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከታች በእግር መንገዱ ሰዎች ብቅ አሉ። አራት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ እየተንሸራተቱ። አንዲት አሮጊት ከኋላ በባዶ እግሯ «ያ ዋቃዮ፣ ያ ዋቃዮ» እያለች አምላኳን ትጣራለች። ቃሬዛው ላይ ያለችው ቢፍቱ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አሮጊቷ አማቷ ናት። ባሏ ከፊት ነው፣ ጋሽ ዲሪባን ሲያይ ፊቱ በራ። ያውቃቸዋል። በፊት ዳሪሙ ስንወጣ ድንኳን የተከልነው እሱ ግቢ ነበር።

«ኦቦ ዲሪባ! ከትናንት ጀምራ ነው። ልጁ አልወጣ አለ።»

«አይዟችሁ፣ ደረሳችሁ» አሉ ጋሽ ዲሪባ።

ደረሳችሁ። ይቺን ቃላቸውን ነው እስኪሞቱ ድረስ ለራሳቸው ይቅር ያላሉት።

ቢፍቱን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛናት። ጋሽ ዲሪባ መሰላሉ ሥር ሄዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። አያችሁ? አወለቁ። መሰላሉን ኳ ኳ አደረጉት።

«ጌታዬ!»

«ምንድነው?»

«ወላድ መጥታለች። ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። መቱ ላድርሳት።»

«ሰዎቹ አምቡላንስ ይጥሩ።»

«ኔትወርክ የለም ጌታዬ።»

«እንግዲህ እስኪያባራ ይጠብቁ። እርጥብ ድንኳን አይታጠፍም፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል።»

ስልኬን ይዤ ጉብታው ላይ ሮጥኩ። እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ምንም። ወደ ሌላኛው ጉብታ ሮጥኩ። ምንም። ስመለስ ጋሽ ዲሪባ እዚያው ናቸው፤ ኮፍያቸው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ዝናቡ መላጣቸው ላይ እየወረደ።

«ጌታዬ፣ ስለ እግዜር።»

«ነገርኩህ እኮ!»

«ጌታዬ፣ እኔ ራሴ አድርቄ አጥፈዋለሁ። ሸራውን ቤቴ ወስጄ አሰጣዋለሁ።»

ዚፑ አልተከፈተም።

«ጋሼ፣ ይንዱት!» አልኳቸው። «እላዩ ላይ እንዳለ ይንዱት! የት ይሄዳል?»

«ሰው አለ ከላይ፣ ቶላ።»

«ይውደቅ!»

«ከወደቀ ይሞታል። አንድ ሰው ለማዳን አንድ ሰው ልግደል?» አሉኝ። እንደገና ወደ ላይ ቀና አሉ። «ጌታዬ፣ ይስሙኝ...»

ባልየው የመኪናውን በር ይዞ ቆሟል። ሰው ቤቱ ሲጠይቀው በሩን የሚከፍት ሰው፣ የሌላ ሰው በር እንዴት እንደሚሰበር አያውቅም። እሱም አያውቅም፣ እሳቸውም አያውቁም። እኔ አውቅ ነበር፣ ግን ቁልፉ እኔ ጋ አልነበረም። ምክንያት እየፈለግኩ ነው፣ አውቃለሁ።

የቢፍቱ ጩኸት ከዝናቡ በላይ ይሰማ ነበር። ከዚያ ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። አሥር ሰዓት ላይ ዝም አለች።

ያኔ ጋሽ ዲሪባ ኮፍያቸውን ጨምቀው አደረጉ። በዚያ ጉልበታቸው፣ ከነጭቃ ጫማቸው፣ መሰላሉን ወጡ። ዚፑን ከውጭ ሳቡት።

«ይውረዱ» አሉ። ጌታዬ አላሉም።

ወረደ። ፊታቸው ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ግን በካልሲው ወረደ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ «ጫማዬ የታለ» ይላል። እኔና ባልየው ሸራውን መጠቅለል ጀመርን። ሦስት ደቂቃ ያሉት ድንኳን! ውኃ ጠጥቶ እንደ በሬ ከብዷል፣ ምሰሶው አይገባም፣ ሽፋኑ አይዘጋም፣ ዚፑ ነክሶ ቀረ። እንደምንም በገመድ ጠፈርነው። ጋሽ ዲሪባ ሞተሩን አስነሱ። ዳሽቦርዱን መታ መታ አላደረጉም።

አማትየዋ ከኋላ የቢፍቱን ራስ ታቅፋለች፣ እኔና አስተባባሪው ፊት ተጣበን፣ ባልየው ከተሸካሚዎቹ ጋር ውጭ ጭነቱ ላይ ዝናቡን እየበላ። ያ ጭቃ መንገድ ላይ እንደዚያ ሲነዳ አይቼ አላውቅም፤ አይጣደፉም፣ አይቆሙም። ትንሽ እንደሄድን ገመዱ ላላ፣ ሽፋኑ ተከፈተ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ሸራውን ያዘው። ከላይ ጨርቅ ሲሰነጠቅ ተሰማ።

«ቁም! ቁም! ድንኳኑ እየተቀደደ ነው!» አለ አስተባባሪው።

«ይቀደድ።»

«እምቢ አልክ? ትጠየቅበታለህ!»

«እጠየቃለሁ» አሉ ጋሽ ዲሪባ። «አሁን ዝም በል፣ መንገድ ልይበት።» አንተ ሲሉት ያኔ ነው የሰማሁት፣ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

መቱ ሆስፒታል ሳይጨልም ደረስን። ነርሷ ስትወጣ እጇን እያደረቀች ነበር። እናትየዋ ተርፋለች አለች። ልጁ ወንድ ነበር። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ» አለችና ቀሪውን አልጨረሰችውም፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ የማንን ፊት እያየች እንደሆነ ገባት መሰለኝ።

ባልየው መጣና የጋሽ ዲሪባን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ገለቶማ፣ ገለቶማ አለ፣ አመሰገናቸው። እጃቸውን ነጠቁት። «አታመስግነኝ» አሉት በኦሮምኛ። «እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስጠይቅ ነበር።» ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከሱሪያቸው ላይ ጭቃው ሲንጠባጠብ የምታጸዳዋ ሴት መጥታ ልትቆጣቸው አፏን ከፈተችና ተወችው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ደብዳቤ መጣላቸው። «ከበላይ ትእዛዝ ውጪ ካምፕ በመልቀቅና የመሥሪያ ቤቱን ንብረት በማበላሸት።» ድንኳኑን ነው ንብረት ያሉት። ስለ ድንኳኑ አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፏል፤ የትኛው ስፌት እንደተቀደደ ሳይቀር። ስለ ልጁ አንድ መስመር የለም። ስብሰባው ላይ ተቃውሜ ነበር ቢሉ ቃለ ጉባኤውን አወጡላቸው፤ ያችን ጅራቷ የወረደች ፊርማ። ቁልፉን ተቀበሏቸው። ዓመት ሙሉ የቢሮው በር ላይ አስቀምጠው በር አስከፈቷቸው፤ ያቺው መኪና ስትገባ ስትወጣ ገመድ እንዲያነሱላት። እየተነሱ ያነሱ ነበር፣ በዚያ ጉልበት። ከዚያ ውሉ አይታደስም ተባሉ። ቅዳሜ ዕለት የተነበበው «በገዛ ፈቃዳቸው» ይሄ ነው።

ጎሬ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ቤታቸው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፣ ከዚያ ሁሉም መንገድ ይታያል። ሚኒባስ ሲያቃስት ሲሰሙ «ፍሪሲዮኑን ጨርሶታል ይሄ» ይላሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው። ከዚያ ያው ነው የሚሉት፦

«ቶላ፣ ለምን ጠየቅኩ?»

«ጋሼ፣ ተዉት።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ኖሬ፣ የማይጠየቅበት ቀን ሲመጣ አላወቅኩትም።»

አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ነገርኳቸው። ለጣራው ድንኳን እጄን እንዳወጣሁ፣ ለፎቶ ብዬ እንደሆነ፣ ሁሉንም። ጎንበስ ብዬ ነው የነገርኳቸው፣ ፊታቸውን ላለማየት።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ከኋላህ ነበር የተቀመጥኩት።»

አውቀው ነው እንግዲህ። ያን ሁሉ ቀን አውቀው ነው ኋላ ወንበር ላይ ስተኛ ኮታቸውን ያለበሱኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀብሩ ላይ ቢፍቱ መጥታለች። ከባሏ ጋር ከዳሪሙ እስከ መኪና መንገዱ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ከኋላ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ያ ወረቀት ያነበበው ሰውዬ ሲጨርስ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ያቺ የምታለቅሰው ዘመዳቸው ናት?» አለኝ። ስሟን እንኳ አያውቀውም። ፋይሉ ውስጥ የለችማ።

ፋይሉን አይቼዋለሁ። ምስክር ሆነህ ፈርም ብለው አምጥተውልኝ ነበር። የአስተባባሪው ሪፖርት ላይ እንዲህ ይላል፦ «በጣለው ከባድ ዝናብ ድምፅ ምክንያት የተደረገልኝን ጥሪ አልሰማሁም፤ ሹፌሩ በድንገት ወጥቶ አስወርዶኛል።» አልፈርምም አልኩ። ችግር የለም አሉኝ፣ በሚቀጥለው ወር የኔም ውል አለቀ። ሪፖርቱ ግን ያለኔ ፊርማም ጸደቀ። አስተባባሪው አሁን ከፍ ብሏል፣ ትልቁ ቢሮ ገብቷል። ጣራ ላይ መተኛት ለምዶ የለ።

እናንተ የግምገማ ኮሚቴ ተብላችሁ ጠረጴዛ የከበባችሁት፣ ያን ሪፖርት አንብባችሁ ማኅተም የመታችሁበት፣ ቅዳሜ ደግሞ መነጽር አድርጋችሁ መቃብራቸው ላይ የቆማችሁት፣ አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፦ አልሰማሁም ያለው ሰውዬ፣ ያን ቀን ከድንኳኑ ውስጥ «እስኪያባራ ይጠብቁ» ብሎ የመለሰው ለማን ነው?